ለማዕድ ቤት የሚስማማ ማቀዝቀዣ አመራረጥ፦ ከመግዛት በፊት መለካት

ማቀዝቀዣ ለብዙ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ ወይም የአንድ ሙሉ ዙር እቁብ የሚወጣበት የቤት ዕቃ ነው። ሆኖም በመደብር ውስጥ ሲታይ ዓይን የማረከው ማቀዝቀዣ ቤት ሲደርስ በበሩ አልገባ ሊል ይችላል። ገብቶም ከግድግዳ ተጣብቆ በሩ በሙሉ ላይከፈት፣ ወይም ተሰክቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። የእነዚህ ችግሮች መነሻ አብዛኛውን ጊዜ የዕቃው ጥራት ሳይሆን ከግዢ በፊት ያልተለካ ቦታ፣ ያልታየ የኤሌክትሪክ መሥመርና ያልተነበበ ጽሑፍ ነው።

በተለይ ከመሐል ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚከፈት መንታ በር ያላቸው ሰፋፊ ማቀዝቀዣዎች በከተሞች ገበያ መታየት ከጀመሩ ወዲህ የልኬት ጉዳይ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ ማቀዝቀዣ ለመግዛት ያሰበ የከተማ ነዋሪም ሆነ አርሶ አደር ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያያቸው የሚገቡ ነጥቦችን በቅደም ተከተል ያቀርባል።

መንታ በር ማቀዝቀዣ ምንድን ነው?

በዓለም ገበያ «ፍሬንች ዶር» በመባል የሚታወቀው ማቀዝቀዣ ስሙን ያገኘው ከተሠራበት አገር አይደለም። ስሙ የመጣው ከመሐል ከሚከፈተው ባለ ሁለት ተካፋች የቤት በር ነው። የላይኛው ክፍሉ ምግብ የሚቀዘቅዝበት ሲሆን ሁለት ጠባብ በሮች አሉት። በረዶ የሚሠራው ክፍል፣ ማለትም ፍሪዘሩ፣ ከታች ሆኖ በአብዛኛው እንደ መሳቢያ ይሳባል።

ይህ አሠራር ሦስት ጥቅሞች አሉት። አንደኛው፣ በየቀኑ የሚፈለገው ምግብ በዓይን ትይዩ ስለሚቀመጥ መጎንበስን ይቀንሳል። ሁለተኛው፣ አንዱን በር ብቻ ከፍቶ ዕቃ ማውጣት ስለሚቻል የሚወጣው ቀዝቃዛ አየር ያንሳል። ሦስተኛው፣ በሮቹ ጠባብ ስለሆኑ ሲከፈቱ ወደፊት የሚይዙት ቦታ ትንሽ ነው።

ጉዳቱ ግን ስፋቱ ነው። የተለመደው መንታ በር ማቀዝቀዣ ወደ 91 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ቁመቱ ከ175 እስከ 180 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ነው። በአንጻሩ ፍሪዘሩ ከላይ የሆነው የተለመደው ባለ ሁለት በር ማቀዝቀዣ ከ55 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ትንሹ ባለ አንድ በር ደግሞ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቦታ ይበቃዋል።

ብዙ ሰዎች ሰፊውን ማቀዝቀዣ የሚመርጡት «እንጀራ ሳይታጠፍ ይገባል» በሚል ግምት ነው። ይህ ግምት ሁልጊዜ ትክክል አይሆንም። የእንጀራው ስፋት ከግማሽ ሜትር በላይ ሲሆን የመደርደሪያው ጥልቀት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ ማቀዝቀዣው ወደ ጎን ቢሰፋም እንጀራው መታጠፉ አይቀርም። ገዢው በመደብሩ ውስጥ የመደርደሪያውን ጥልቀት በሜትር ቢለካ ከዚህ ቅሬታ ይድናል።

ቤተሰቡ ምን ያህል ያስፈልገዋል?

የማቀዝቀዣ መጠን የሚለካው በሊትር ነው። ለአንድና ለሁለት ሰው ከ150 እስከ 250 ሊትር፣ ከአራት እስከ አምስት ለሚሆን ቤተሰብ ደግሞ ከ250 እስከ 400 ሊትር ያለው ማቀዝቀዣ በቂ ሆኖ ይገኛል። መንታ በር ማቀዝቀዣዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ሊትር በላይ ስለሚይዙ ለብዙ ቤተሰብ ወይም በየቀኑ ምግብ እያዘጋጀ ለሚሸጥ ቤት ይስማማሉ።

በኢትዮጵያ ማዕድ ቤት ውስጥ ብዙ ቀለብ ማቀዝቀዣ እንደማይፈልግ ማስታወስ ይገባል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጥራጥሬ፣ በደንብ የተነጠረ ቅቤና ማር ደረቅና ጥላ ቦታ ይበቃቸዋል። ቀይ ሽንኩርትና ድንች አየር በሚያገኝ ጨለማ ቦታ ቢቀመጡ ይሻላል። ድንች በማቀዝቀዣ ሲቆይ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጥና ጣዕሙ ይበላሻል። ሙዝ ልጣጩ ይጠቁራል፤ ያልበሰለ አቮካዶም ሳይበስል ይቆያል።

መጠንን በበዓል ቀን መለካት ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። በፋሲካ ወይም በእንቁጣጣሽ ሰሞን ሥጋው፣ ዶሮውና መጠጡ ማቀዝቀዣውን ያጨናንቀዋል። በጾም ወራት ግን ወተት፣ ሥጋና እንቁላል በማይገባበት ቤት ያው ማቀዝቀዣ ግማሹ ባዶ ሆኖ ኤሌክትሪክ ይበላል። በዓመት ለጥቂት ቀናት ለሚመጣ ብዛት ተብሎ ዓመቱን ሙሉ ትልቅ ማቀዝቀዣ ከማስኬድ፣ የተረፈውን ሥጋ ቋንጣ ማድረግ ወይም ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ ማረድ ያዋጣል።

ቦታውን መለካት

ልኬት የሚጀምረው ከመደብር ሳይሆን ከቤት ነው። የሚያስፈልገው አንድ ሜትር፣ ወረቀትና እርሳስ ነው። ማቀዝቀዣው የሚቆምበት ቦታ ስፋት ከታች፣ ከመሐልና ከላይ ይለካል። ግድግዳ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ስለማይቆም ሦስቱ ልኬቶች ሊለያዩ ይችላሉ፤ ለውሳኔ የሚያዘው ትንሹ ቁጥር ነው። በጭቃ በተመረገ ቤት ይህ ልዩነት ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ሊደርስ ይችላል። ቁመቱና ጥልቀቱም በተመሳሳይ መንገድ ይለካሉ። ጥልቀት ሲለካ የሶኬቱና የመሰኪያው ውፍረት፣ እንዲሁም በግድግዳው ግርጌ ያለው የንጣፍ ጠርዝ መቀነስ አለበት።

ቀጥሎ የአየር መተላለፊያ ይታሰባል። ማቀዝቀዣ ሥራው ሙቀትን ከውስጥ አውጥቶ ወደ ውጭ መጣል ነው። የሚጣለው ሙቀት መውጫ ካጣ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ የቆጣሪው ንባብ ይጨምራል፤ ዕድሜውም ያጥራል። አምራቹ በመመሪያው ላይ የጻፈው ርቀት ካለ እሱ ይከበራል። ከሌለ በግራና በቀኝ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከጀርባ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከላይ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል መተው ጥሩ ልማድ ነው። በማቀዝቀዣው ላይ ጨርቅ ማልበስና ዕቃ መደርደር፣ ከጀርባው ካርቶን መሸጎጥ ይህን ክፍተት ከንቱ ያደርገዋል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ማዕድ ቤት ውስጥ ለማቀዝቀዣ የተተወው ቦታ 96 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 190 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 75 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አለው እንበል። 91 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ መንታ በር ማቀዝቀዣ በቁጥር ሲታይ የሚገባ ይመስላል። በሁለቱም ጎን የሚተወው 5፣ 5 ሴንቲ ሜትር ሲጨመርበት ግን 101 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ አይገባም። 70 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋና 175 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ባለ ሁለት በር ማቀዝቀዣ ግን በስፋት 80፣ በቁመት 185 ሴንቲ ሜትር ስለሚፈልግ ያለ ችግር ይቆማል።

በሩ የሚከፈትበት ቦታ

ማቀዝቀዣው ስለገባ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም፤ በሩም መከፈት አለበት። የብዙ ማቀዝቀዣዎች የአትክልት መሳቢያ የሚወጣው በሩ ከ90 ዲግሪ በላይ ሲከፈት ነው። ማጠፊያው ያለበት ጎን ከግድግዳ ከተጣበቀ በሩ በግማሽ ይቆምና መሳቢያው አይወጣም። በመሆኑም ጥግ ላይ የሚቆም ማቀዝቀዣ በማጠፊያው በኩል ተጨማሪ ክፍተት ያስፈልገዋል። በአንዳንድ ባለ አንድ ተካፋች ማቀዝቀዣዎች ማጠፊያውን ከቀኝ ወደ ግራ ማዛወር ስለሚቻል ሻጩን መጠየቅ ይገባል። በመንታ በር ግን ማጠፊያው በሁለቱም ጎን ስለሆነ ማዛወር መፍትሔ አይሆንም። ለጥግ ቦታ የማይመቸውም ለዚህ ነው።

በአንጻሩ ፊት ለፊቱ ጠባብ በሆነ ማዕድ ቤት መንታ በር ይጠቅማል። በማቀዝቀዣውና በፊት ለፊቱ ባለው ጠረጴዛ መካከል 100 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ ቢኖር፣ 70 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ነጠላ በር ሲከፈት የሚቀረው 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። 45 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋው የመንታ በር አንድ ተካፋች ሲከፈት ግን 55 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ሰው ቆሞ ሊሠራበት ይችላል። ከታች ያለው የፍሪዘር መሳቢያ ሲሳብም ቦታ እንደሚይዝ አብሮ መታሰብ አለበት።

ግዢው ከመፈጸሙ በፊት የማቀዝቀዣውን ስፋትና ጥልቀት በኖራ ወይም በማጣበቂያ ወረቀት ወለሉ ላይ አስምሮ በዙሪያው ለሁለት ቀን መንቀሳቀስ ቀላል ፈተና ነው። እንስራ ይዞ ወይም ልጅ አዝሎ የሚያልፍ ሰው መስመሩን የሚረግጥ ከሆነ ማቀዝቀዣው ለዚያ ቤት ትልቅ ነው ማለት ነው።

ከመኪና እስከ ማዕድ ቤት

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ልኬት የመንገዱ ነው። የግቢው በር፣ የቤቱ መግቢያ፣ የኮሪደሩ መታጠፊያና የማዕድ ቤቱ በር ሁሉም መለካት አለባቸው። በር ሲለካ ከመቃን እስከ መቃን ሳይሆን ተከፍቶ የሚቀረው ክፍት ቦታ ይወሰዳል፤ ተካፋቹ ራሱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይይዛልና። 80 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ባለው በር 91 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ማቀዝቀዣ በፊቱ አይገባም። በጎኑ ዞሮ የሚገባውም ጥልቀቱ ከ80 ካነሰ ብቻ ነው። የአንዳንድ ማቀዝቀዣ በሮችና እጀታዎች በባለሙያ ተፈትተው መልሰው ሊገጠሙ ስለሚችሉ ይህ አስቀድሞ ይጠየቃል።

በኮንዶሚኒየምና በሌሎች ባለ ፎቅ ቤቶች የደረጃው ስፋትና የመታጠፊያው ሰሌዳ ወሳኝ ናቸው። የጣሪያ ቁመትም ችላ ሊባል አይገባም። 178 ሴንቲ ሜትር የሚረዝምና 70 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ማቀዝቀዣ ከተጋደመበት ቀና ሲል ጥጉ ወደ 191 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ጣሪያው ዝቅ ባለ ቦታ ቆሞ የሚገባ ማቀዝቀዣ ተጋድሞ ከገባ ቀና ላይል ይችላል ማለት ነው።

ማቀዝቀዣ በተቻለ መጠን ቆሞ መጓጓዝ አለበት። ተጋድሞ ከተጓዘ በሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ሊፈስ ስለሚችል፣ ቀና ካለ በኋላ ሳይሰካ ለብዙ ሰዓታት፣ ቢቻል እስከ 24 ሰዓት መቆየት ይኖርበታል። በችኮላ መሰካት አዲስ ሞተርን ሊያበላሽ ይችላል።

ኤሌክትሪኩ ይችለዋል?

የኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በማቀዝቀዣው ጀርባ ወይም በውስጠኛው ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ እነዚህ ቁጥሮች መታየት አለባቸው። ከውጭ አገር የሚመጡ ዕቃዎች ላይ ይህ ነጥብ ይበልጥ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያስተካክልም ኸርዙን አይለውጥም፤ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ሞተር በ50 ኸርዝ ሲሠራ አዙሪቱ ይቀንሳል፤ ሊግልም ይችላል። ሳዑዲ ዓረቢያም የምትጠቀመው 60 ኸርዝ ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ በእስራኤልና በአውሮፓ ያለው ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ከአገር ውስጡ ይቀራረባል። ያም ሆኖ ዋናው ማረጋገጫ በዕቃው ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ዘመድ ከውጭ ሊልክ ያሰበ እንደሆነ የጽሑፉን ፎቶግራፍ አስቀድሞ ማየት ከኋላ ጸጸት ያድናል።

የቤቱ መሥመርም መታየት አለበት። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚደርስ ኃይል ይወስዳል። ማቀዝቀዣው ከምጣዱ ጋር በአንድ ቀጭን ሽቦ ላይ ከተሰካ ምጣዱ በተጣደ ቁጥር ቮልቱ ይወርዳል፤ የማቀዝቀዣው ሞተር ለመነሣት ይቸገራል፤ ይግላል። ማቀዝቀዣ የራሱ ሶኬት ሊኖረው ይገባል። ከሌሎች ዕቃዎች ጋር በኤክስቴንሽን መጋራት የለበትም። የመሬት ሽቦ ያለው ሶኬት መሆኑንም በባለሙያ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በእርጥብ እጅ የሚነካ የብረት ዕቃ ያለ መሬት ሽቦ መጠቀም ለሕይወት አደገኛ ነው።

የኤሌክትሪክ ኃይል በሚዋዥቅበት አካባቢ ስታብላይዘር መጠቀም ይመከራል። ስታብላይዘር ሲመረጥ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው አቅሙ ነው፤ ሞተር ሲነሣ የሚወስደው ኃይል በመደበኛነት ከሚወስደው ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ በጠባቡ የተመረጠ ስታብላይዘር አይችለውም። ሁለተኛው መብራት ሄዶ ሲመለስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠብቆ ኃይል የሚለቅ መሆኑ ነው። ይህ ፋታ በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ግፊት እንዲመጣጠን ያደርጋል። ስታብላይዘር በሌለበት ቤት መብራት ሲጠፋ መሰኪያውን ነቅሎ፣ ከተመለሰና ከተረጋጋ በኋላ መሰካት ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

በአንዳንድ ማቀዝቀዣዎች ላይ የዓመት ፍጆታ በኪሎ ዋት ሰዓት ይጻፋል። 300 ሊትር ገደማ የሚይዝ ማቀዝቀዣ በዓመት ከ250 እስከ 400 ኪሎ ዋት ሰዓት ሊጠቀም ይችላል። ትልቅ መንታ በር ግን 600 እና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋውም ከፍ እያለ የሚሄድ በመሆኑ ልዩነቱ በየወሩ ክፍያ ላይ ይታያል። ኢንቨርተር የሚባለው ሞተር እንደ ሙቀቱ መጠን ፍጥነቱን ስለሚያስተካክል ዋጋው ቢወደድም ኃይል ይቆጥባል።

በበሩ ላይ ቀዝቃዛ ውኃና በረዶ የሚሰጡ ማቀዝቀዣዎች አብዛኛውን ጊዜ ቋሚ የቧንቧ መሥመር ይፈልጋሉ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ አገልግሎት ብዙም አይጠቅምም፤ የውስጡንም ቦታ ይሻማል። የግድ ከተፈለገ በእጅ የሚሞላ የውኃ ማጠራቀሚያ ያለው ዓይነት ይመረጣል።

ቆላና ደጋ ለማቀዝቀዣም ይለያያሉ

በማቀዝቀዣ ላይ ከሚጻፉት ምልክቶች አንዱ ዕቃው በምን ዓይነት የክፍል ሙቀት እንዲሠራ እንደተዘጋጀ የሚያሳይ የላቲን ፊደል ነው። «ኤስ ኤን» የሚለው ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ «ኤን» ከ16 እስከ 32፣ «ኤስ ቲ» ከ16 እስከ 38፣ «ቲ» ደግሞ ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላለው ክፍል ነው። ሁለት ምልክቶች በጭረት ተያይዘው ከተጻፉ ዕቃው የሁለቱንም ወሰን ይሸፍናል።

ለመተማ፣ ለሁመራ፣ ለጋምቤላና ለሰመራ ነዋሪ «ቲ» የሚል ምልክት ያለበት ዕቃ ተገቢ ነው። «ኤን» ብቻ የተጻፈበት ማቀዝቀዣ በእነዚህ አካባቢዎች የበጋ ሙቀት ውስጥ ሞተሩ ሳያርፍ ቢውልም ምግቡን በሚገባ ላያቀዘቅዝ ይችላል። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ደጋማ ከተሞች ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው። አንድ የሙቀት መቆጣጠሪያ ብቻ ያለው ማቀዝቀዣ በቀዝቃዛ ሌሊት ክፍሉ ራሱ ስለቀዘቀዘ ሞተሩን እምብዛም አያስነሣም፤ በዚህም ምክንያት ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ሥጋ መቅለጥ ሊጀምር ይችላል። በብርድ አገር የሚኖር ገዢ ከ10 ዲግሪ የሚጀምረውን ምልክት መፈለግ ይኖርበታል።

በዚያው ጽሑፍ ላይ የማቀዝቀዣው ጋዝ ዓይነትም ይገኛል። «አር 12» የተባለው አሮጌ ጋዝ የምድርን የኦዞን ሽፋን የሚጎዳ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ምርቱ እንዲቆም ተደርጓል። በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚሠራበት «አር 600 ኤ» የኦዞን ሽፋንን አይጎዳም፤ ነገር ግን ተቀጣጣይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ማቀዝቀዣ ከከሰል ምድጃና ከቡታ ጋዝ መራቅ አለበት። በረዶውን በቢላዋ መፈልፈልም ክልክል ነው፤ ቱቦው ከተበሳ ጋዙ ይወጣልና። ጥገናውም ጋዙን ለሚያውቅ ባለሙያ ብቻ መሰጠት አለበት።

ለአርሶ አደሩ ቤት

የኤሌክትሪክ መሥመር በደረሰበት የገጠር ቀበሌ ማቀዝቀዣ ሲገዛ ዓላማውን መለየት ያስፈልጋል። ለቤት ፍጆታ ከሆነ ትንሹ ይበቃል። ማታ የታለበውን ወተት እስከ ጠዋት አቆይቶ ለመሸጥ ከሆነ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ የቤት ማቀዝቀዣ የቀዘቀዘን ነገር ለማቆየት እንጂ ብዙ ትኩስ ወተትን በፍጥነት ለማቀዝቀዝ አልተሠራም። ከነሙቀቱ የገባ ትልቅ የወተት ዕቃ ለመቀዝቀዝ ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል። ወተቱን በትናንሽ ንጹሕ ዕቃዎች ከፋፍሎ፣ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ እያማሰሉ ማብረድና ከዚያ ማስገባት ይሻላል።

መሥመር ባልደረሰበት አካባቢ በ12 ወይም በ24 ቮልት በቀጥታ ከፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች አማራጭ ናቸው። ለመብራትና ለስልክ ብቻ የተሸጠ ትንሽ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ግን ማቀዝቀዣ ሊያስነሣ አይችልም። ማቀዝቀዣው፣ ባትሪውና የፀሐይ ሰሌዳው አንድ ላይ ተሰልተው መገዛት አለባቸው።

ለአትክልት ብቻ ከሆነ ገንዘብ የማይጠይቅ ዘዴም አለ። ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በትልቁ ውስጥ ይቀመጥና በመካከላቸው አሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው በቀን ሁለት ጊዜ ውኃ ይጠጣል፤ አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ውኃው ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚወጣ ውስጡ ይበርዳል። ይህን ዘዴ ናይጄሪያዊው መምህር ሙሐመድ ባህ አባ በሰሜን ናይጄሪያ መንደሮች በማስፋፋት እ.ኤ.አ. በ2000 የሮሌክስ ሽልማት አግኝቶበታል። ዘዴው ደረቅና ነፋሻ አየር ባለበት ጥላ ሥር ጥሩ ውጤት ይሰጣል፤ አየሩ እርጥበት በሚሞላበት ክረምት ግን ይደክማል። ቲማቲምን፣ ቃሪያንና ጎመንን ያቆያል፤ ለሥጋና ለወተት የሚበቃ ቅዝቃዜ ግን አይሰጥም።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ

ያገለገለ ማቀዝቀዣ የሚገዛ ሰው ተሰክቶ ሲሠራ ሳያይ መክፈል የለበትም። ቢያንስ ለጥቂት ሰዓታት ሠርቶ ፍሪዘሩ በረዶ መያዝ መጀመሩ ይታያል። የበሩ ጎማ ደግሞ በአንድ የብር ኖት ይፈተናል፤ ኖቱ በበሩና በአካሉ መካከል ተደርጎ በሩ ይዘጋል፤ ሲሳብ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ጎማው ልል ነው። ፈተናው በበሩ ዙሪያ በየቦታው ይደገማል። በመንታ በር ማቀዝቀዣ ላይ ሁለቱ በሮች የሚገናኙበት መሐል ዋነኛው የመላላት ቦታ ስለሆነ በተለይ ይታያል። ጎማው የሚለወጥ ቢሆንም ዋጋው ከድርድሩ መቀነስ ይኖርበታል። የማጠፊያ መላላት፣ የሞተር ከፍተኛ ድምፅና ከሥር የሚታይ የዘይት እርጥበትም የብልሽት ምልክቶች ናቸው።

ከተሰካ በኋላ

ማቀዝቀዣው ወለሉ ላይ ሳይወላገድ መቆም አለበት፤ የፊት እግሮቹ በጥቂቱ ከፍ ቢሉ በሩ በራሱ ይዘጋል። የምግብ ክፍሉ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች፣ ፍሪዘሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊሆን ይገባል። በመቆጣጠሪያው ላይ ያሉት ከ1 እስከ 7 የሚሄዱ ቁጥሮች የዲግሪ ቁጥር አይደሉም፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ቅዝቃዜው ይጨምራል። በትንሽ ዋጋ የሚገኝ ቴርሞ ሜትር አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አድርጎ ማሳደር ትክክለኛውን ሙቀት ያሳያል።

ጥሬ ሥጋ በተከደነ ዕቃ ከታች ይቀመጣል፤ ደሙ ወደ ሌላ ምግብ እንዳይንጠባጠብ ነው። የተረፈ ወጥ ከእሳት ከወረደ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም። በትልቅ ድስት ከማስገባት በዝርግ ዕቃዎች ከፋፍሎ ማስገባት ቶሎ እንዲበርድ ያደርገዋል። እንደ ኢንሱሊን ያሉ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቀመጥ ያለባቸው መድኃኒቶች በሚኖሩበት ቤት፣ መድኃኒቱ በመሐለኛው መደርደሪያ እንጂ በፍሪዘሩ ውስጥ ወይም ከበረዶ ጋር ተነካክቶ መቀመጥ የለበትም፤ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ጥቅም የለውምና።

መብራት ሲጠፋ በሩን አለመክፈት ከሁሉ የበለጠ መከላከያ ነው። በሩ ካልተከፈተ የምግብ ክፍሉ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የሞላ ፍሪዘር ለ48 ሰዓት፣ ግማሹ የሞላ ደግሞ ለ24 ሰዓት ያህል ይቆያል። የፍሪዘሩን ባዶ ቦታ ውኃ በተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ማስያዝ ይህን ጊዜ ያራዝማል። ጠርሙሶቹ እስከ አፋቸው መሞላት የለባቸውም፤ ውኃ በረዶ ሲሆን ይሰፋልና። ከ4 ሰዓት በላይ መብራት ከጠፋ በምግብ ክፍሉ የነበረ ሥጋ፣ ወተትና የበሰለ ወጥ መጣል አለበት። ሽታው አለመለወጡ ለደኅንነቱ ማረጋገጫ አይሆንም።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት

ወደ ገበያ የሚሄድ ገዢ በአንድ ወረቀት ላይ ሊይዛቸው የሚገቡ ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው፦

• የቦታው ትንሹ ስፋት፣ ቁመትና ጥልቀት፤ ከእያንዳንዱም ላይ ለአየር የሚቀነሰው
• የቤቱና የማዕድ ቤቱ በር ክፍት ስፋት፣ የደረጃው መታጠፊያና የጣሪያው ቁመት
• ማጠፊያው ከግድግዳ ያለው ርቀትና ፊት ለፊት ያለው መተላለፊያ
• የቤተሰቡ ቁጥርና በዘወትር ቀን የሚቀመጠው ምግብ
• በዕቃው ላይ የተጻፈው ቮልት፣ ኸርዝ፣ የአየር ንብረት ምልክትና የጋዝ ዓይነት
• የዓመት ፍጆታው፣ የዋስትናው ጊዜና በአካባቢው መለዋወጫና ጠጋኝ መኖሩ

እነዚህ ስድስት ነጥቦች ተሟልተው ሲታዩ መንታ በሩ ለሰፊ ማዕድ ቤትና ለብዙ ቤተሰብ፣ ባለ ሁለት በሩ ለመካከለኛው ቤት፣ ትንሹም ለጠባቡ ክፍል የየራሱ ቦታ እንዳለው ግልጽ ይሆናል። አንድ ሰዓት የማይፈጅ ልኬት የዓመታት ቁጠባ የወጣበት ዕቃ በረንዳ ላይ ተሸፍኖ እንዳይቀር ያደርጋል።